ደጅ የወጣው እምቢልታ

በከተማችን ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው። እኔ እዚያ ቤት የመቶኛ ነጋሪ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የምነግራችሁም በዓይኔ ያየሁትን ነው። የመቶኛ ነጋሪነት በሌላ አገር ያለ ሥራ ስለማይመስለኝ ላስረዳ። ማሽኑ ላይ አንድ ነገር ሲጫን ወይም ሲገለበጥ አንዲት ቀጭን መስመር ቀስ እያለች ትሞላለች። የእኔ ሥራ እሷን አይቶ ደረጃው ላይ መውጣትና «አርባ ሦስት!» ብሎ መጮኽ ነው። ግቢው ውስጥ የቆመው ሰው «አርባ ሦስት!» ብሎ ይቀበለኛል። መቶ ስል እልል ይባላል፤ የሚያቅፈኝም አይጠፋም። መስመሯ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ተገትራ የቀረች ዕለት ግን ወደ ቤቴ የምሄደው በጓሮ በር ነው።

በአገራችን መሣሪያ አንሥቶ የሚጫወት ሰው እየቀረ ከሄደ ቆይቷል። ሰርግም ሆነ ለቅሶ፣ ሙዚቃው የሚወጣው ከዚህ ማሽን ነው፤ ከዚያም በሽቦ አድርጎ አደባባዩ ላይ ወዳሉት ድምፅ ማጉያዎች ይሄዳል። የሙዚቃው ፕሮግራም ግን በራሱ አንድም ድምፅ የለውም። ድምፅ የሚያመጣው ከድምፅ ስብስቦች ነው። ፒያኖው አንድ ስብስብ ነው፣ ከበሮው አንድ፣ ክራሩ አንድ። እያንዳንዱ ስብስብ ውስጥ አንድ በአንድ የተቀዱ በሺህ የሚቆጠሩ ድምፆች አሉ፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገውን እየመዘዘ ያሰማል። የት እንደተቀመጡ የሚያውቀው ደግሞ ከአድራሻ መዝገቡ ነው። መዝገቡ ላይ የተጻፈለት ቦታ ሄዶ ያያል፤ ሌላ ቦታ አያይም።

የማሽኑ ዲስኮች ሁለት ናቸው። አንደኛው በሆዱ ውስጥ ያለው ነው፤ እልፍኝ እንለዋለን። ሁለተኛው በገመድ ከጎኑ የተያያዘ፣ ሣንዱቅ የሚያህል ጥቁር ነገር ነው፤ እሱን ደጅ እንለዋለን። ደጅ የእልፍኝን አራት እጥፍ ይይዛል። ይህ ታሪክ እስከተፈጸመበት ጊዜ ድረስ ግን ባዶ ነበር። ጨርቅ ለብሶ ይቀመጥ ነበር፤ እኔም ምሳዬን የማስቀምጠው እሱ ላይ ነበር።

ባዶ የሆነበት ምክንያት ይሄ ነው። በእኛ አገር የተከበረ ሁሉ እልፍኝ ይገባል። ደጅ የሚቀመጠው ያልተከበረ ነው። ከእልፍኝ ተነሥቶ ወደ ደጅ የወጣ ካለማ ከባድ ነገር ነው፤ ጨዋ የሆነ ሰው የት እንደሄደ አይጠቁምም። በጣት አይጠቁምም፣ በቃል አይናገርም፣ በጽሑፍ አያሰፍርም። የጠቆመ ሰው የራሱም ወንበር ደጅ ይወጣል። የሚስቴ አጎት አንድ ሰርግ ላይ ከእልፍኝ ተነሥቶ ደጅ እንዲቀመጥ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ በየድግሱ አጠገቡ እየተቀመጥን «ውይ፣ የት ጠፋ እሱ ሰውዬ?» እንባባል ነበር። እሱም አብሮን «እኔ እንጃ» ይላል። ባለቤቱ ራሱ «እዚህ ነኝ» ካለ መናገር ይፈቀዳል ይባላል፤ ግን ራሱ ተናገረ የሚባል ሰው ታይቶ አይታወቅም።

እንግዲህ የድምፅ ስብስቦቹም እንደ ሰዎቹ ሆኑ። የሰርገኞች ማኅበር ፒያኖውን እልፍኝ አስገባ። የነጋዴዎች ማኅበር «እነሱ ፒያኖ አስገብተው እኛ?» ብሎ ያንኑ ፒያኖ ደግሞ አስገባ። የሸማኔዎች ማኅበርም ሦስተኛ አስገባ። ሦስቱም አንድ ናቸው፤ አንዲት ድምፅ እንኳ አይለያዩም። እኔ ሦስቱንም ጊዜ ከአንድ እስከ መቶ ጮኼአለሁ፤ ጉሮሮዬ ምስክር ነው። የክብር ዘበኞች ማኅበር ማንም ነክቶት የማያውቅ የአርባ ቫዮሊን ስብስብ አለው። ይሄ ሁሉ እልፍኝ ውስጥ ነው።

እልፍኝ ሲሞላ ማሽኑ መተንፈስ አቃተው። የቀን ደወል የሚደውለው ማሽኑ ስለሆነ መጀመሪያ የተጎዳው ምሳ ነው። የስድስት ሰዓቱ ደወል በሰባት ሰዓት መደወል ጀመረ፣ ቀጥሎ በስምንት፣ ኋላም በዘጠኝ። ያለ ደወል ምሳ መብላት ነውር ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማችንን እንውላለን። አንድ ሰው ፀሐይቱ አናታችን ላይ ከደረሰች ቆይታለች ብሎ አቤቱታ ቢያስገባ፣ ፀሐይ እየቸኮለች መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ተጻፈለት።

እልፍኙን የሚያስተዳድሩት አጋፋሪ መንክር ናቸው። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚሉት እሳቸው ሲሆኑ፣ የአድራሻ መዝገቡም የሚከፈተው በእሳቸው የይለፍ ቃል ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሰው እንዳይከፋው ከማሰብ ብዛት እንቅልፍ የሚያጡ ሰው ናቸው፤ የጎዱንም በዚሁ ነው።

ማሽኑን የምትሠራበት ግን የሺመቤት ናት። የሺመቤት ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሠራች፣ ንግግሯ አጭር፣ ቶሎ የምትቆጣ፣ ቶሎም የሚበርድላት ሴት ናት። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ካደረገች ቤቱ ቢቃጠልም አትሰማም። በሕይወቷ አንድ ትልቅ ነገር ሠርታለች፤ እሱም የጋሽ ደምሰው እምቢልታ ነው።

ጋሽ ደምሰው የመጨረሻው እምቢልታ ነፊ ናቸው። እምቢልታ በሦስት ሰው የሚነፋ ነገር ነው፤ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ቀድመዋቸው አረፉ። የእሳቸውም የፊት ጥርስ መነቃነቅ ሲጀምር የሺመቤት ማይክሮፎኗን ይዛ ቤታቸው ሄደች። ሁለት ክረምት ቀዱ። ሦስቱንም እምቢልታ በየተራ እሳቸው ነፉ። አንድ እምቢልታ ያለው ድምፅ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነው። የሺመቤት ግን አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ ቀዳች። ረጅም ትንፋሽ፣ አጭር ትንፋሽ፣ ተቆጥተው የነፉት፣ ከእንቅልፍ ተነሥተው የነፉት፣ ዝናብ ሲጥል፣ ዝናብ ሲያባራ። አንድ ጥርስ በወለቀ ቁጥር ይቸኩላሉ። በሁለተኛው ክረምት መጨረሻ ላይ የመጨረሻዋ የፊት ጥርስ ወለቀችና ጋሽ ደምሰው እምቢልታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉ።

«እንግዲህ እኔ ጨረስኩ የሺ» አሏት። «ከዚህ በኋላ ያለሁት አንቺ ጋ ነው።»

«አይጠፋም ጋሼ። እኔ እያለሁ አይጠፋም» አለቻቸው።

ይህችን ቃል ደጋግማ ነግራኛለች፤ ከአፏ ከወጣች በኋላ ጭንቀት የሆነችባት ይመስለኛል።

አንድ ቀን የበር ሹሞች ማኅበር አኮርዲዮን ይዞ መጣ። ማሽኑ «ቦታ የለም» አለ። አጋፋሪ መንክር ዝርዝሩን አስመጥተው መነጽራቸውን አደረጉና ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ሁሉም ስብስብ ከኋላው ማኅበር አለው። ከእምቢልታ ኋላ ያሉት ጥርስ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

«ይሄ ይጥፋ» አሉ ለስለስ ብለው።

የሺመቤት ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች። «ምን አሉ?»

«እምቢልታው። ይደምሰስ። አዝናለሁ፤ ግን ደጅ ከማውጣት ይሻላል። ሽማግሌውን እንዴት ብዬ ደጅ አወጣቸዋለሁ? ሰው አይደለሁም እንዴ?»

«አጋፋሪ፣ ደጅ እኮ ባዶ ነው!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል።»

«ይስማ! ፒያኖው ቢደመሰስ ከድምፅ ሻጩ ነገ መልሰን እናወርደዋለን። አርባው ቫዮሊንም እንደዚያው። እምቢልታውን ከየት አወርደዋለሁ? ከጋሽ ደምሰው ድድ?»

አጋፋሪው በመጨረሻ፣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ አንድ መላ አገኙ። እምቢልታው ደጅ ይውጣ፤ ግን ማንም እንዳይጠቁመው። መዝገቡ ላይ አዲሱ አድራሻ አይጻፍ። ለጋሽ ደምሰው ክብር ሲባል የድሮው አድራሻ፣ «እልፍኝ» የሚለው፣ እንዳለ ይቆይ።

የሺመቤት ይህ ምን እንደሚያመጣ ጠንቅቃ ታውቃለች። ፕሮግራሙ እልፍኝ ሄዶ ያጣዋል። ግን ከመደምሰስ ይሻላል ብላ እሺ አለች፤ እምቢልታው የሚፈለግበት የቦይ መክፈቻ ቀን እስኪደርስ አለሳልሼ አስጽፈዋለሁ ብላ አሰበች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፆቹን ወደ ደጅ ገለበጠች። እኔ ደረጃው ላይ እንዳልጮኽ ታዘዝኩ፤ ስለዚህ መቶኛውን ለግድግዳው በሹክሹክታ ነገርኩት። ሲያልቅ ቆጠረች፤ አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ በኋላ የእልፍኙን ደመሰሰችና ጨርቁን ደጅ ላይ መልሳ አለበሰችው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳዬን እዚያ ማስቀመጥ ተውኩ። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም፤ ሁሉም አውቋል ማለት ነው።

የቦይ መክፈቻ ቀን የከተማችን ትልቁ ቀን ነው። የግድቡ መዝጊያ ተነሥቶ ውሃው ወደ ባቄላ እርሻው የሚለቀቀው ያን ቀን ሲሆን፣ መዝጊያው የሚነሣው እምቢልታ ሲነፋ ብቻ ነው። የሺመቤት ከዚያ በፊት አጋፋሪውን አራት ጊዜ ለምናቸው ነበር። አራቱንም ጊዜ «ሽማግሌው ይከፋቸዋል» ብለው መለሷት።

ሕዝቡ አደባባዩን ሞላው። ጋሽ ደምሰው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ነጭ ለብሰው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው። ማሽኑ ከሚያሳየው ነገር ሰው እንዲካፈል ተብሎ አደባባዩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። የሺመቤት ቁልፏን ተጫነች። ድምፅ የለም። ሰሌዳው ላይ ክንድ ክንድ በሚያህሉ ፊደላት ይህ ተጻፈ፦ «የእምቢልታ ድምፆች በተጻፈበት ቦታ የሉም። የት ልፈልግ?»

ይሄን ሁሉ ሕዝብ ነው ማሽኑ የሚጠይቀው። ሁላችንም እናውቃለን። የሺህ ሰው ዓይን በኮምፒውተር ቤቱ መስኮት አልፎ ጨርቅ የለበሰው ደጅ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ዓይኑን ሰበር አደረገ። አንዳንዱ ጫማውን አየ። አንዳንዱ ደመና አለ ወይ ብሎ ወደ ሰማይ አየ። ማሽኑ ጥያቄውን አልተወም፤ ታግሦ ይጠብቃል።

«የለም» አሉ አጋፋሪ መንክር። «እምቢልታችን ተለይቶናል።»

ሕዝቡ ዋይ አለ። የግድቡ ጠባቂ መዝጊያውን ሳያነሣ ከግንቡ ላይ ወረደ። ጋሽ ደምሰው የሺመቤትን ብቻ አዩአት፤ እሷም አየቻቸው፣ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ክንዷን ያዝ ያደረግኳት አይዞሽ ለማለት ነው ብዬ ለሰው አወራለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን እንዳትጠቁም ፈርቼ ነው። ወንበሯ ከወጣ የእኔም አጠገቡ ነው ያለው።

በማግሥቱ የፍለጋ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ቁም ሣጥኑን ፈተሸ፣ ጠረጴዛው ሥር ገባ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ አስነሣ። በመጨረሻ አራት ሰዎች ደጅን በጥንቃቄ፣ ገመዱ እንዳይነቀል እየተጠነቀቁ፣ አንሥተው ከሥሩ አዩ። ከሥሩ አልነበረም። መልሰው አስቀመጡትና ጨርቁን አስተካከሉለት። ለድምፅ ሻጩም ደብዳቤ ተጻፈ፤ እምቢልታ የሚባል ነገር በሕይወቱ ሰምቶ እንደማያውቅ መለሰ።

ከዚያ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። የፒያኖው ሦስት ማኅበራት በየራሳቸው ሰልፍ መጥተው አለቀሱ። የሐዘን መግለጫ መዝገቡ ለመጻፍ የሚመች ከፍታ ስላስፈለገው ደጅ ላይ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ተሰልፎ፣ ደጅ ላይ ክርኑን አስደግፎ፣ «የት እንደሄድክ ባናውቅም አንረሳህም» እያለ ጻፈ። የእምቢልታው የሕይወት ታሪክ ተነበበ። «ገና በለጋ ዕድሜው ተለየን» ይላል። እኔም አለቀስኩ። የምሬን ነው ያለቀስኩት፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ጋሽ ደምሰው የሐዘንተኛው ፍራሽ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጡ። እየመጣ «እግዜር ያጽናዎት» የሚላቸውን ሁሉ በጭንቅላታቸው እሺ ይላሉ። ምግብ አልቀመሱም። ባቄላውም ጆሮውን ጣለ፤ ከግንቡ ላይ ሆኖ ለሚያየው እርሻው ወደ ቢጫ እየሄደ ነበር። ሌላ አንድ ሳምንት ካለፈ አለቀ ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የሺመቤት ድንኳኑ ውስጥ ገባች። እንደ ሰው ራቅ ብላ አልተቀመጠችም፤ ፍራሹ ላይ አጠገባቸው ዘፍ አለች። እኔ ውሃ ሳቀርብ ነበር፤ ስለዚህ ሰማሁ።

«ጋሼ» አለች፣ «ሳልነግርዎ ከቀረሁ ያፍነኛል። አልሞተም።»

አጠገባችን ያሉት ሰዎች ቶሎ ብለው እርስ በርስ ስለ ባቄላ ማውራት ጀመሩ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩ። «አልደመሰስሽውም?»

«አንዲት ድምፅ አልጎደለችም። ሁለት ጊዜ ቆጥሬአለሁ።»

«እህ። ታዲያ የት ነው?»

የሺመቤት ከንፈሯን ነከሰች። አጋፋሪ መንክር ከድንኳኑ በር ላይ ሆነው እጃቸውን እያወዛወዙ «ኧረ የሺመቤት፣ ኧረ በእናትሽ!» ይላሉ።

«ልንገርዎ ብል ወንበሬን ያወጡታል፤ ያውጡት፣ ግድ የለኝም» አለች። «ግን እርስዎን አሳፍሬ ነው የምናገረው። ሁለት ክረምት እንደዚያ ደክመው፣ እኔው በእጄ… እንዴት ብዬ ልበልዎ?»

ጋሽ ደምሰው ፊቷን አጠኑት። ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ሰው በሙሉ፣ ዓይኑን የሚያሸሸውን ሁሉ፣ አንድ በአንድ አዩ።

«ደጅ ነው?» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ ጫማው አየ። እሱ በቂ መልስ ነበር።

እና ሳቁ። ሦስት ቀን ምግብ ያልቀመሱ ሰው፣ ድዳቸው እስኪታይ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። በሐዘን አእምሮአቸው የተነካ መስሎን ደነገጥን።

«ለዚህ ነው ድንኳን የተከላችሁት?» አሉ። «እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም እንዴ? ስድሳ ዓመት ሙሉ ስነፋ እኔን እልፍኝ ያስገባኝ ማነው? እዚያ ውስጥ እምቢልታ ቢነፋ የሰው ጆሮ ይደፈናል። ሁልጊዜ በር ላይ ቁም ነበር የምባለው። በር ላይ ቆሜ ነው ሚስት ያገኘሁት! አንቺ የሺ፣ እልፍኝ ያስገባሽውስ ለምንድነው? እኔ ጠይቄሻለሁ?»

«ይከበሩ ብዬ ነው…»

«ልሰማ ነው የምፈልገው፤ ምን ያደርግልኛል መከበር? በይ ነይ፣ አንሺኝ።»

እኔና እሷ ግራና ቀኝ ይዘን አነሣናቸው። ድንኳኑ በሙሉ ተከተለን። ኮምፒውተር ቤቱ ስንደርስ ጋሽ ደምሰው የሐዘን መዝገቡን ከደጅ ላይ አንሥተው ለአጋፋሪ መንክር አቀበሏቸውና ጨርቁን ገፈፉ። ጥቁሩን ነገር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«የአድራሻ መዝገቡን ክፈቱልኝ» አሉ።

«ጋሽ ደምሰው» አሉ አጋፋሪው፣ «እኔ እኮ እርስዎን እንዳይከፋዎት ብዬ…»

«ገብቶኛል ልጄ። ክፈት።»

አጋፋሪው ማሽኑ አጠገብ ሄደው የይለፍ ቃላቸውን ጻፉ። ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። ሰሌዳው ላይ፣ በቦይ መክፈቻው ቀን እንደነበረው፣ «የት ልፈልግ?» የሚለው ጥያቄ አሁንም አለ። በሥሩ አንድ ባዶ ቦታ አለ።

ጋሽ ደምሰው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። አደባባዩ ላይ ያለው ሰው እንዲሰማ በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞሩ። «ማንም አልጠቆመኝም!» ብለው ጮኹ። «ራሴ ነኝ የምናገረው። እኔ ደምሰው፣ እምቢልታ ነፊው፣ ያለሁት ደጅ ነው። ጻፊ።»

የሺመቤት ጻፈች። ፊደሎቹ ሰሌዳው ላይ አንድ በአንድ ሲወጡ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ያያል። ማሽኑ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀ።

«አዎ!» አሉት ጋሽ ደምሰው ቁልፉን ሳይጠብቁ።

የሺመቤት ተጫነች። መስመሯ መሙላት ጀመረች። እኔ ደረጃው ላይ መቼ እንደደረስኩ አላውቅም። «አሥራ ሁለት!» አልኩ። «አሥራ ሁለት!» አለ ሕዝቡ። «ሠላሳ አንድ! ስድሳ ስምንት!» ከዚያ ሁሉ ሹክሹክታና ለቅሶ በኋላ ጉሮሮዬ እንደ አዲስ ተከፈተልኝ። ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቆመች። አምላኬ፣ ያን ቀን የለመንኩትን ያህል በሕይወቴ ለምኜው አላውቅም። ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ ደግሞ ብልጭ አለችና ሞላች።

«መቶ!»

«አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ድምፆች ተገኝተዋል» ይላል ሰሌዳው።

እልልታው ገና ሳይበርድ የሺመቤት ቁልፏን ተጫነች፤ እምቢልታው ከየድምፅ ማጉያው ወጣ። ረጅም ትንፋሽ ነበር፣ ሦስቱም እየተቀባበሉ። የግድቡ ጠባቂ ወደ ግንቡ ሲሮጥ ባርኔጣው ወደቀበት፤ አልተመለሰለትም። መዝጊያው ተነሣ። ውሃው ቦዩን ሲሞላው ከአደባባዩ ይሰማ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከደስታ ነው፤ እፎይ ያልኩበትን መጠን የምገልጽበት መቶኛ የለኝም።

ጋሽ ደምሰው ጆሮአቸውን ወደ መስኮቱ ሰጥተው ያዳምጣሉ። አንዲቱ ድምፅ ላይ ሲደርስ ጣታቸውን አነሡ።

«ይቺን አስታውሳታለሁ» አሉ። «ዝናቡ ሲያባራ የነፋናት ናት። የግራዋ ጥርሴ ገና ነበረች።»

የሺመቤት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑን የሞላው ሰው ሲያለቅስ እሷ አንዲት ጠብታ አልወጣትም ነበር። አሁን ቁልፎቹ ላይ ተደፍታ እየሳቀች ታለቅሳለች፤ ጋሽ ደምሰው ጀርባዋን ያሻሹላታል። «አልጠፋም እኮ» ይሏታል። «አይጠፋም ብለሽ ነበር፣ አልጠፋም። በይ አሁን የሚበላ ነገር ስጡኝ።»

ገና ደወል አልተደወለም ነበር። ሰጠናቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት የክብር ዘበኞች ማኅበር ተወካይ መጥቶ፣ ግራና ቀኝ አይቶ፣ አርባው ቫዮሊን ደጅ መሆን ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ቀጥሎ የፒያኖው ሦስት ማኅበራት በአንድ ቀን መጡ። የሺመቤት ሦስቱ አንድ መሆናቸውን ስትነግራቸው ተያዩና አንዱን ብቻ ይዛ እንድታስቀር በቃለ ጉባኤ ፈቀዱላት። ሁሉም ራሱ እየተናገረ አድራሻውን አስጻፈ። አጋፋሪ መንክር አሁን ደጅ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው፣ ከፊት ማን ይሁን ከኋላ ማን ይሁን እያሉ ዝርዝር ይይዛሉ። ተዉአቸው፤ ቦታው ሰፊ ነው። እምቢልታው ግን በሦስተኛ፣ ትንሽ ዲስክ ላይ ሁለተኛ ቅጂ ተሠርቶለታል፤ የት እንዳለችም መዝገቡ ላይ በግልጽ ተጽፏል።

እልፍኝ ባዶ ሲሆን ማሽኑ ተነፈሰ። የስድስት ሰዓቱ ደወል አንድ ማክሰኞ በስድስት ሰዓት ደወለ፤ በከተማው አንድም ምሳ የደረሰበት ቤት አልነበረም። ፀሐይቱም አደብ ገዝታለች የሚል ደብዳቤ ወጣ።

የሚስቴን አጎት ባለፈው ሰርግ ላይ አገኘሁት፤ እንደ ወትሮው በሩ አጠገብ ተቀምጧል። አንዱ እንግዳ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ እንደ ልማዳችን «ውይ፣ የት ጠፋ እሱ ሰውዬ?» አለኝ። ወደ አጎትየው አየሁ። እሱ ደግሞ የያዘውን ቁራሽ መሶቡ ላይ መልሶ አስቀመጠና፣ በሰባት ዓመቱ፣ እጁን አነሣ።

«እዚህ ነኝ» አለ። «ወጡን ወደዚህ አሳልፉልኝ።»